ውጤት እየጠበቁ መጸለይ፦ ከእጅ የወጣን ጉዳይ ለእግዚአብሔር የመስጠት አሠራር

ናሙናው ተወስዷል። እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ባለበት ዕቃ ተደርጎ ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ሄዷል፤ ሐኪሙም «ውጤቱ ሲደርስ እንነጋገራለን» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷል። ሰውን የሚያደክሙት ከዚህ ቀን እስከ ቀጠሮው ያሉት ቀናት ናቸው። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ አይዋጥም፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ልብ ይሰነጠቃል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነዚያ ቀናት ነው። ምሳሌያችን የታመመች እናት ናት፤ የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቅ፣ ወይም ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ የጠፋ እኅት ያለችው ሰው ግን ደረጃዎቹን ወደ ራሱ ጉዳይ መልሶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። የጸሎቱ ሥርዓት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ የሆነ አንባቢ በራሱ ሥርዓት ይተካው፤ የወረቀቱና የልመናው ክፍል ለሁሉም ይሠራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። በእግዚአብሔር መታመን ማለት «ውጤቱ ጥሩ ይሆናል» ብሎ እርግጠኛ መሆን አይደለም። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሙሉ ጉልበቱን ጥርጣሬውን በመደበቅ ይጨርሰዋል፤ ለልመናው የሚተርፈው የለም።

1. መጀመሪያ ወረቀት

አንድ ነጭ ወረቀት በቁመቱ ለሁለት እጠፉ። በግራው «የእኔ»፣ በቀኙ «የእርሱ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሚያስጨንቃችሁን አንድ በአንድ አውጡና ወደ ቦታው መድቡት። በናሙናው ምሳሌ በግራ በኩል የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ በናሙናው ዕቃ ላይ ያለው ስምና የካርድ ቁጥር ከመጠየቂያው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ማየት (ናሙናውን አስታማሚው ራሱ ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርስበት ቦታ ስላለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም)፤ የቀጠሮውን ቀንና የክፍሉን ቁጥር መያዝ፤ ሐኪሙን የምትጠይቁትን ሦስት ጥያቄ መጻፍ፤ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ደም የሚሰጥ ሰው ማነጋገር፤ የአዳር ተረኛ መመደብ። በቀኝ በኩል ደግሞ ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ተሠራጭቶ እንደሆነ፣ ሰውነቷ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚቀበል፣ ዕድሜዋ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው የእግዚአብሔርን ወደ ግራ ማስገባት ነው፤ «እናቴን ማዳን» ብሎ በራስ ስም የሚጽፍ ሰው አለ። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚጎዳው የራስን ወደ ቀኝ ማሻገር ነው። ቀጠሮ ፈርቶ የቀረ ሰው «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ሲል ይሰማል፤ የሰጠው ግን የራሱን ሥራ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላት በዛተበት ጊዜ ሕዝቡ ወደ አምላካቸው ጸለዩ፣ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ዘብም አቆሙ (ነህ. 4፥9)። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያሉት።

ወረቀቱ ከጸሎት የሚቀድመው በምክንያት ነው። ሳይለይ የሚጸልይ ሰው ሁሉንም ደባልቆ ያነሣና ሁሉንም ተሸክሞ ይነሣል። የተለየ ሲሆን ግን በግራ ያለው ጥበብና ብርታት ይለመንበታል፣ በቀኝ ያለው ደግሞ ይሰጣል። ወረቀቱን ለሰው ማሳየት አያስፈልግም። ዳዊታችሁ ውስጥ አስቀምጡት።

2. ሰዓትና ቦታ

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በጭንቀት ሳምንት ሰባቱንም ለመጀመር የሚነሣ ሰው በሦስተኛው ቀን ይወድቃል፤ ከዚያ «ጸሎቴን እንኳ አልቻልኩም» የሚል ሌላ ጭንቀት ይጨምራል። ሁለቱን ብቻ ያዙ፣ ነግህንና ንዋምን፤ ማለትም ከእንቅልፍ እንደተነሣችሁና ከመተኛታችሁ በፊት። ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይበቃል። የሳምንቱን ዳዊት፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ የሚሄደውን፣ የለመደ ሰው ግን አያቋርጥ።

ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከሆስፒታል የሚደወል ካለ ለእነዚያ 15 ደቂቃዎች ሌላ የቤተሰብ ሰው ይያዘው። ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ቁሙ፤ መቆም ያልቻለ ይቀመጥ። ስግደት የለመደ ይስገድ፤ በዕለተ ሰንበት፣ በዐበይት በዓላትና በበዓለ ኀምሳ (ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት) ግን አይሰገድም።

በሆስፒታል የምታድሩ ከሆነ አልጋው አጠገብ ጧፍ አታብሩ፣ ዕጣንም አታጭሱ። ኦክስጅን በሚሰጥበት ክፍል ትንሽ እሳት በቅጽበት ይቀጣጠላል፤ ጢሱ ደግሞ ሳንባው ለደከመ ሕመምተኛ ጉዳት ነው። ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። አጠገብ ያለው ሕመምተኛ እምነቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።

3. የ15 ደቂቃው ቅደም ተከተል

አማትባችሁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» በሉ። ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልና ጸሎተ ሃይማኖት። ይህ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይወስዳል። በቃል የተያዘ ጸሎት መቅደሙ ይጠቅማል፤ አእምሮ በተበታተነ ሰዓት የራስን ቃል መፈለግ አድካሚ ነው፣ የለመደው ቃል ግን አፍን ይከፍታል።

ከዚያ አንድ መዝሙር፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። አንድ ብቻ። ጠዋት 120 («ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ»)፣ ማታ 90 («በልዑል መጠጊያ የሚኖር») ይሁን። ልብ በጣም በከበደበት ቀን 129ን («ከጥልቅ ጠራሁህ») ወይም 12ን አንብቡ። እነዚህ ቁጥሮች የኦርቶዶክሱ ዳዊት ናቸው። በፕሮቴስታንቶች እጅ ባለው መጽሐፍ ቅዱስና በብዙ የስልክ አፕሊኬሽኖች ላይ ከመዝሙር 10 ጀምሮ አብዛኛው በአንድ ይበልጣል፤ የእኛ 90 የእነርሱ 91 ነው፣ የእኛ 22 የእነርሱ 23። ዘመድ በቴሌግራም «መዝሙር 91ን አንብቡ» ብሎ የላከላችሁ እንደሆነ ዳዊታችሁን ከመግለጣችሁ በፊት የትኛውን አቆጣጠር እንደያዘ ጠይቁ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ከ148 እስከ 150፣ በሁለቱም አንድ ናቸው።

ቀጥሎ ወረቀቱን ይዛችሁ በራሳችሁ ቃል ለምኑ፤ 5 ደቂቃ። የጸሎቱ ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ ከዚህ በታች ለብቻው ተጽፏል።

ከልመናው በኋላ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ፣ ወይም ኪርያላይሶን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ። መቁጠሪያ ያልያዘ ሰው እጁን ይጠቀም። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አንጓ ስላላቸው በአውራ ጣት እየነኩ ሲቆጥሩ አንድ ዙር 12 ይመጣል፤ ሦስት ዙር 36፣ በላዩ አምስቱን የጣት ጫፎች ቢጨምሩበት 41። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ማንም ሳያይ ይሠራል።

መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ በዚያ ቀን ያገኛችሁትን አንድ ነገር ጠቅሳችሁ አመስግኑ፣ በአቡነ ዘበሰማያት ዝጉ። ምስጋናው ትንሽና እውነተኛ ይሁን፤ «ዛሬ ሾርባውን ጨርሳ ጠጣች» ይበቃል። ቅዱስ ጳውሎስ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ» ያለው (ፊልጵ. 4፥6) እስር ቤት ሆኖ ነው።

4. ልመናው ራሱ

አካሄዱን ጌታችን በጌቴሴማኒ አሳይቶናል፦ «አባቴ፥ ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ፤ ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» (ማቴ. 26፥39)። ሦስት ነገር በቅደም ተከተል አለ። መጥራት፣ የፈለጉትን በግልጽ መጠየቅ፣ መስጠት።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መካከለኛው ነው። «አንተ ታውቃለህ፣ ፈቃድህ ይሁን» ተብሎ በችኮላ ይታለፋል። ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ «ጠይቄ ቢከለክለኝስ» የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ስላልተነገረ ከጸሎት በኋላ እንደነበረ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠይቁ፤ በስም፣ በቀን፣ በቦታ ጠይቁ። ሌሎች ደግሞ ሦስተኛውን ይዘላሉ፤ ለእግዚአብሔር ትእዛዝ እየሰጡ፣ ሐኪሙ ማን እንደሚሆንና መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ እያቀዱለት ይጸልያሉ። በዚያ ጊዜ ጸሎቱ ከ15 ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ይረዝማል፣ ጭንቀቱም አብሮት።

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ የአሦር ንጉሥ መልእክተኞች ያመጡለትን የዛቻ ደብዳቤ አንብቦ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (ኢሳ. 37፥14)። እናንተም ወረቀት አላችሁ፤ የቀጠሮ ካርድ፣ የምርመራ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ። በጸሎት ሰዓት ፊታችሁ ዘርጉት። እየጠቆሙ መጸለይ ሐሳብን ይሰበስባል፣ ያልተጻፈውን እየገመቱ ከመንከራተትም ይጠብቃል።

የልመናው ቃል ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አባት ሆይ፣ ይህ የእናቴ የወለተ ማርያም ወረቀት ነው። ሐሙስ ውጤቱ ይመጣል። ካንሰር እንዳይሆን እለምንሃለሁ፤ እንዲህ ብዬ ነው የምለምንህ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ወረቀቱን የሚያነበውን ሐኪም ዓይኑን አብራለት። ለእኔ ነገ ጠዋት ልሠራው የሚገባኝን አሳየኝ፣ የምሠራበትንም ጉልበት ስጠኝ። የቀረውን፣ በቀኝ በኩል የጻፍኩትን፣ ለአንተ ሰጥቻለሁ። እኔ እንደምወድ ሳይሆን አንተ እንደምትወድ ይሁን። እመቤቴ ሆይ፣ ከልጅሽ አማልጂኝ።»

ቃሉን አታሳምሩት። መበሳጨትም ካለ ይነገር። መዝሙር 12 የሚጀምረው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው፤ ከዚያ ይለምናል፣ መጨረሻ ላይ በምሕረቱ ይታመናል። በጣም አጭር መዝሙር ስለሆነች በቃል መያዝ አያስቸግርም። መዝሙር 87 ደግሞ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ መጽናኛ እንኳ አልተጨመረበትም፤ ሆኖም ዳዊት ውስጥ አለ፣ ይጸለይበታል።

5. በሁለቱ ጸሎቶች መካከል

ጠዋት የሰጣችሁት ጉዳይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የተለመደ ነው፤ ጸሎቱ አልሠራም ማለት አይደለም። በዚያ ሰዓት ረጅም ጸሎት እንደገና አትጀምሩ፤ አእምሮን ያነቃና እንቅልፉን ጨርሶ ያባርራል። አንድ አጭር ቃል ምረጡና እሱን ብቻ ደጋግሙ፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ወይም «ጠዋት ሰጥቼሃለሁ፣ አሁንም ያንተ ነው»። ትንፋሽ ሲገባ ግማሹን፣ ሲወጣ ግማሹን። ያስታወሳችሁት በግራው ዓምድ የሚገባ ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የደም ዓይነቷን መጠየቅ፣ ራስጌ ባለ ወረቀት ላይ ጻፉትና ተመለሱ።

የበሽታውን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ከውጤት በፊት የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነው። የማይተዋችሁ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ፣ በብርሃን፣ ለሐኪሙ የምትጠይቁትን ጥያቄ ለማዘጋጀት ብቻ ይሁን። ከንዋም ጸሎት በኋላ በፍጹም አይሁን።

ጾምን በተመለከተ አጭር ነገር፦ አስታማሚ ሳይበላ ሦስት ቀን ከቆየ ራሱ ሕመምተኛ ይሆናል። ሕመምተኛው በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ በራሱ ፈቃድ አይጹም፤ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር።

6. ስለት

ሰው ሲጨነቅ ይሳላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጓዘው ሕዝብ ውስጥ ስለቱን ሊያደርስ የሚሄደው ብዙ ነው። ስለት የተፈቀደ ነገር ነው፤ ሐናም ተስላለች፣ ሳሙኤልንም ባገኘች ጊዜ ፈጽማለች። ሆኖም በጭንቀት ሰዓት በብዛት የሚበላሸው ይኸው ስለት ነው፤ የሚበላሽበት መንገድም ይታወቃል።

የመጀመሪያው መጠኑ ነው። በድንጋጤ ጊዜ ሰው ያለውንም የሌለውንም ይሳላል፤ ከስድስት ወር በኋላ እናት ድናለች፣ ልጅ ግን በተሳለው ዕዳ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፍሮ ቀርቷል። የሚሳል ሰው ዛሬ በኪሱ ወይም በጉልበቱ ካለው ላይ ይሳል፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ፣ የአንድ ወር የጉልበት አገልግሎት፣ ለነዳያን አንድ ቀን ማብላት። ሁለተኛው የማይታወቅን ነገር መሳል ነው። ዮፍታሔ «ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣውን» ብሎ ተሳለ፤ የወጣችው አንድያ ልጁ ነበረች (መሳ. 11)። ሦስተኛው የሌላውን መሳል ነው። የባልና ሚስት የጋራ ገንዘብ፣ የወንድም በሬ፣ ገና ያላደገ ልጅ ወደፊት የሚኖረው ኑሮ በአንድ ሰው አፍ አይሳልም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስለትን ዋጋ ማድረግ ነው። «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» የሚለው ቃል በልብ ውስጥ ወደ ንግድ ሲለወጥ ሰውየው ያሰበው ባልሆነ ጊዜ እንደተታለለ ገዢ ይቆጣል። ስለቱን ምስጋና አድርጋችሁ ሳሉ። ከተሳላችሁ ቃሉን ከነቀኑ ጻፉት፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ የምታደርሱበትን ጊዜ ወስኑ። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል (5፥4-5)። መፈጸም የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ዝም ብሎ መሸሽ አይገባም፤ ለካህኑ ተናግሮ መፍትሔ መጠየቅ ነው።

7. ሌሎችን ማስጸለይ

በቅዳሴ ጊዜ ስለ ድውያን ይጸለያል። ስም ስታስጠሩ የሚጠየቀው የክርስትና ስም ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው። የእናታችሁን የክርስትና ስም ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። የንስሐ አባት ካላት ይነገራቸው፤ ሕመሙ ከጸና ጸሎተ ቀንዲል እንዲደረግላት ጠይቋቸው። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ በዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ያለው (5፥14) ይህ ነው፤ ሊሞት ላለ ሰው ብቻ የሚደረግ አይደለም። ቄስ ሲመጡ ሕመምተኛዋ «ሞቴ ደረሰ» ብላ እንዳትደነግጥ ቀድማችሁ አስረዷት።

ዘመድ ውጭ አገር ካለ አብሮ ለመጸለይ ሰዓቱን በትክክል ተነጋገሩ። አዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ሌሊት 5 ሰዓት፣ በክረምታቸው ሌሊት 4 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ገና የትናንቱ ነው። «በስድስት ሰዓት» ከተባባላችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት፤ አለዚያ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ይጸልያል። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የምርመራ ወረቀቷን ፎቶ አትልኩ። ስሟና «ጸልዩላት» የሚለው ቃል ይበቃል፤ ገመናዋ የእርሷ ነው።

ጸሎትን ከመድኃኒት የሚያጣላ ሰው ከመጣ አትስሙት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ከኃጢአቱ ይመለስ፣ ለባለ መድኃኒትም ቦታ ይስጥ ይላል፤ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግበት አዘዘ (ኢሳ. 38)። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መክረዋል። «ገንዘብ ላክልኝ፣ ራእይ አይቼላችኋለሁ» የሚል ከሆነማ ስልኩን ዝጉት።

8. ውጤቱ ሲመጣ

ወደ ቀጠሮው ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይሰማ፣ አንዱ ይጻፍ። ደንግጦ ያለ ሰው ሐኪሙ ከተናገረው ብዙውን አይሰማም። ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ አማትቡ፤ ረጅም ጸሎት ጊዜው አይደለም።

ውጤቱ መልካም ከሆነ ለዘመድ ከመደወላችሁ በፊት አመስግኑ፣ የተሳላችሁትም ካለ ቀኑን ቁረጡ። ክፉ ከሆነ በዚያ ቀን ለምን እንደሆነ አትመርምሩ። «ጸሎታችን ስላልደረሰ ነው»፣ «እምነታችን ስላነሰ ነው» የሚል ዘመድ ይኖራል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ነው ያገኘው (2ቆሮ. 12፥8-9)፤ የጳውሎስ እምነት አንሷል የሚል የለም። በዚያ ማታ መዝሙር 12ን ወይም 87ን አንብባችሁ ተኙ። መጸለይ ጨርሶ ካቃታችሁ ለአንድ ሰው ደውላችሁ «እኔ አልቻልኩም፣ አንተ ጸልይልኝ» በሉ፤ ዝም ብላችሁ ስሙት።

እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለአስታማሚውም ሐኪም ያስፈልገዋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ሌሊትም አይታደርበት፤ አጠገባችሁ ላለ ሰው ወዲያው ንገሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

በማግስቱ አሮጌውን ወረቀት አውጡና ሌላ ነጭ ወረቀት እጠፉ። በቀኙ የነበረው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» አሁን ተነሥቷል። በግራ አዲስ ሥራ ይገባል፤ ሕክምናው የሚጀመርበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ፣ እናት ራሷ ስለ ሕመሟ ማወቅ የምትፈልገውን ያህል እንዲነገራት ማድረግ። ወደ ነግህ ጸሎት ይዛችሁት የምትቆሙት አዲሱን ነው።